«ኤል-ዋይ» ለጥፎ መገላገል

ተውሳከ ግስ ማለት በቅጽል ጭራ ላይ «ኤል-ዋይ» የተለጠፈበት ቃል ነው እያሉ እንግሊዝኛ ማስተማር ይብቃ! ይህች ደንብ ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ፈተና ወረቀት ስትገለበጥ ኖራ ማረፊያዋ የሥራ ማመልከቻ ነው። የስንቱን ምሩቅ ማመልከቻ እያነበብኩ በገንኩ! «አይ ወርክ ሃርድሊ» ይላል፤ ተግቼ እሠራለሁ ማለቱ ነው። ቀጣሪው ጆሮ የሚደርሰው ግን «እምብዛም አልሠራም» የሚል ነገር ነው።

ልጁ ምን አጠፋ? «ሃርድ» ቅጽል ነው አሉት፣ ኤል-ዋይ ጨምርበት አሉት፣ ጨመረ። «ሃርድ» እና «ፋስት» ምንም ሳይለጠፍባቸው ተውሳከ ግስ እንደሚሆኑ፣ «ሌትሊ» ዘግይቶ ሳይሆን ሰሞኑን ማለት እንደሆነ ማን ነገረው? «ፍሬንድሊ» እንኳ ኤል-ዋዩን ታቅፎ ቅጽል ነው።

ይባስ ብሎ፣ በክፍል ውስጥ አማርኛ የተናገረ ይቀጣል የሚሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ተማሪው ይዞት የመጣውን መሣሪያ በር ላይ ይቀሙታል! «እምብዛም» ስንል ግሳችን አሉታዊ ነው፤ እምብዛም አልተኛም እንላለን። «ሃርድሊ» ግን አሉታውን በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ ሌላ «ኖት» አይፈልግም። «አይ ሃርድሊ ዶንት ስሊፕ» የሚለው ስሕተት የሚወለደው ከዚሁ ነው፤ ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን አስቀምጦ በአምስት ደቂቃ ማስረዳት ይቻል ነበር። «ሣራ ብቻ ደወለችልኝ» እና «ሣራ ለእኔ ብቻ ደወለች» የተለያዩ መሆናቸውን የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። የቀረው «ብቻ» ከቃሉ ኋላ፣ «ኦንሊ» ግን ከፊት እንደሚቆም መንገር ነው። ይህን መንገር ያስቀጣል?

ቦታው ምን ለውጥ ያመጣል የሚለኝ አይጠፋም። ጥር 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ባራክ ኦባማ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ «ፌይዝፉሊ» የምትለዋን ቃል ሕገ መንግሥቱ ካኖራት ከግሱ ፊት አንሥተው ወደ ኋላ ወረወሯት። ትርጉሙ አልተናጋም፤ እውነቱን ለመናገር ከንቱ ጭንቀት ነበር። ሆኖም በማግስቱ ዋይት ሐውስ ውስጥ መሐላው ለጥንቃቄ ተደገመ። የእኛ ምሩቅ ግን ትርጉሙ የተገለበጠበትን ማመልከቻ የሚደግምበት ዕድል የለውም፤ ወረቀቱ ቅርጫት ገብቷል።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ቻለው የተባለ ልጅ ዛሬም «ከአራቱ ተውሳከ ግስ የሆነው የትኛው ነው?» ይባላል። ሐ ብሎ ያከብብና ማርኩን ያገኛል። ፈተና አውጪዎች ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ጣሉት! «ሃርድ» እና «ሃርድሊ»ን ስጡትና ስለ ገዛ እናቱ ሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስጽፉት፤ የትኛው እናቱን እንደሚያሰድባት ያን ጊዜ ይለይ።