የኤሲ ጋዝ ሕግ ለምን አልፈረሰም?

የኤሲና የማሞቂያ ቴክኒሻን ነኝ። የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ ነው። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሕግ ማንም ሐሳቤን ጠይቆኝ አያውቅም። ይሁንና የአሜሪካ ኮንግረስ ሙቀት አማቂ ጋዞችን ለመቀነስ ካወጣቸው ሕጎች አንዱን በየቀኑ ቫኔ ላይ ጭኜ እዞራለሁ፤ ሌላው ደግሞ ደንበኞቼን ሦስት ዓመት አጓጉቶ እልም ብሎ ጠፍቷል። አንዱ ቆሞ ሌላው ለምን እንደወደቀ ሳስብ ከርሜ የደረስኩበትን ልናገር።

ከጫንኩት ልጀምር። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እዚህ አገር ቤት ውስጥ የሚገጠም ኤሲ በአብዛኛው የሚሠራው 410ኤ በሚባል ጋዝ ነበር። ኦዞንን አይጎዳም፣ አይቀጣጠልም፣ ለሠራተኛ የተመቸ ነው። ችግሩ አንድ ኪሎው አየር ላይ ቢለቀቅ ከ2,000 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመልቀቅን ያህል ምድርን ያሞቃል፤ የአንድ ተራ ቤት ኤሲ ደግሞ ሦስት ኪሎ ያህል ይይዛል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ የቤት ኤሲ በዚህ ጋዝ እንዳይመረት ተከልክሏል። አሁን የምንሞላው 454ቢ ወይም አር-32 ነው። የ454ቢ የማሞቅ ጉልበት የ410ኤን ሩብ አይሞላም። ሲሊንደሩ አናቱ ላይ ቀይ ቀለም አለው፤ ጥርሱም የተገላቢጦሽ ስለሆነ ቱቦውን ስታስር የምታዞረው ወደ ግራ ነው። ጋዙ በመጠኑ ተቀጣጣይ ነውና እጅህ በልማድ ከድሮው ጋር እንዳያምታታው ተብሎ ነው። በ2025 ሰመር ይኸው ጋዝ ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው ሲሰቀል፣ ደንበኛ በሙቀት ተቃጥሎ ሲደውል፣ እኔም እንደማንኛውም ባለሙያ አማርሬያለሁ። ሕጉን የምደግፈው ምንም ሳያስከፍለኝ ቀርቶ አይደለም።

ሕጉ ኤይም አክት ይባላል። ዲሴምበር 27 ቀን 2020 የፈረሙበት ዶናልድ ትራምፕ ናቸው። አዎ፣ ራሳቸው ትራምፕ፤ ገና ከሁለት ወር በፊት አሜሪካን ከፓሪስ ስምምነት ያስወጡት ሰውዬ። እርግጥ ለብቻው አልቀረበላቸውም፤ 5,593 ገጽ ባለው የበጀትና የኮቪድ ድጎማ ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ ነው ያለፈው። ትእዛዙ ግን የዋዛ አይደለም። ኤችኤፍሲ የሚባሉት እነዚህ ጋዞች ምርታቸውም ከውጭ የሚገባውም እስከ 2036 ድረስ በ85 በመቶ እንዲቀንስ ያዛል። እርከኑ ከነቁጥሩ ሕጉ ላይ ሰፍሯል፦ በ2024 በ40 በመቶ፣ በ2029 በ70 በመቶ እያለ ይወርዳል።

ረቂቁን ሴኔት ውስጥ ይዘው የተነሡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የዴላዌሩ ዴሞክራት ቶም ካርፐር፣ ሌላው የሉዊዚያናው ሪፐብሊካን ጆን ኬኔዲ (ከፕሬዚዳንቱ ኬኔዲ ጋር የሚገናኙት በስም ብቻ ነው)። ኬኔዲን የአየር ንብረት ተሟጋች ብሎ የሚጠራቸው ሰው አላጋጠመኝም። ታዲያ ምን አገናኛቸው? ካርታውን ማየት ነው። ተተኪውን ጋዝ የሚያመርተው ኬሞርስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዴላዌር፣ ዊልሚንግተን ነው። በወቅቱ የሃኒዌል የነበረው ፋብሪካ ደግሞ ሉዊዚያና፣ ጋይስማር ይገኛል። ሁለቱ ኩባንያዎች ለአዲሱ ጋዝ ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል። የድሮው ጋዝ ከቻይና በርካሽ እየጎረፈ ገበያው ላይ እስካለ ድረስ ያፈሰሱት አይመለስላቸውም። አንዱ ሴናተር ስለ ምድር ሙቀት፣ ሌላው ስለ ግዛቱ ሥራ እያሰበ አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ። እኔ በዚህ አላፍርም፤ እንዲያውም የምወድላቸው ይህንኑ ነው።

ድርድሩ ግን ቀላል አልነበረም። በወቅቱ የሴኔቱን የአካባቢ ጉዳይ ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት የዋዮሚንጉ ጆን ባራሶ ሳይስማሙ ረቂቁ አይነቃነቅም ነበር። እሳቸው ያስጨነቃቸው እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች በየፊናቸው ደንብ እያወጡ አገሩን መቶ ቦታ መከፋፈላቸው ነው። መጨረሻ ላይ ግዛቶች እንዳይነኳቸው ሆኖ ለጥቂት አገልግሎቶች ለተወሰነ ጊዜ ቅድሚያ ተሰጣቸው፦ ለአስም መንፊያ፣ ለወሳኝ ወታደራዊ ሥራ፣ ጥቃት ለመከላከል ለሚረጭ ስፕሬይ ሳይቀር። ዋዮሚንግ ድብ የሚበዛበት አገር መሆኑን ለሚያውቅ ይህ የመጨረሻው አያስገርምም። ሕጉ አያምርም፤ የተጠጋገነ ነው። ግን የሁሉም እጅ አለበት።

ሕጉ መነሻ ያደረገው በኦክቶበር 2016 ሩዋንዳ ላይ የተፈረመውን የኪጋሊ ማሻሻያ ነው፤ አገራችን ኢትዮጵያም የተቀበለችው ነው። በትክክል ከተፈጸመ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ ግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያስቀራል ተብሎ ይገመታል። የአሜሪካ ሴኔት በሴፕቴምበር 2022 ሲያጸድቀው ውጤቱ 69 ለ27 ሆነ፤ 21 ሪፐብሊካኖች ድጋፍ ሰጥተዋል። በማግሥቱ ከወዳጆቼ አንድም ሰው አላወራበትም፤ እኔ ራሴ የሰማሁት ከጋዝ አከፋፋዬ ነው።

ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ የጸደቀውን ሕግ ግን ያልሰማ የለም። ኢንፍሌሽን ሪዳክሽን አክት የተባለው ያ ሕግ በአሜሪካ ታሪክ ለአየር ንብረት ትልቁን ገንዘብ የመደበ ነው። ሴኔቱ 50 ለ50 ተከፍሎ በምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ ድምፅ አለፈ። አንድም ሪፐብሊካን በሁለቱም ምክር ቤት አልደገፈውም። ሶላር ጣሪያው ላይ ለሚሰቅል፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ፣ ቤት በኤሌክትሪክ የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ሂት ፓምፕ ለሚያስገባ ከግብሩ ላይ ይቀነስለታል ተባለ። ለሂት ፓምፕ ብቻ ከወጪው 30 በመቶ፣ እስከ 2,000 ዶላር፤ ያውም እስከ 2032 ድረስ። በጁላይ 2025 ሴኔቱ እንደገና 50 ለ50 ተከፈለ። በዚህ ጊዜ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ወንበር ላይ የነበሩት ጄዲ ቫንስ ናቸው። በእሳቸው ድምፅ ባለፈው አዲስ ሕግ የመኪናው በሴፕቴምበር፣ የሶላሩና የሂት ፓምፑ በዓመቱ መጨረሻ አበቃ።

አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ ጡረታ የወጡ፣ ማሞቂያቸው ያረጀ። ሂት ፓምፕ ለማስገባት ትንሽ በትንሽ ሲያጠራቅሙ ቆይተው ጊዜው ካለፈ በኋላ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ያ ሁለት ሺህ ዶላር አለ አይደል?»

«የለም እማማ፣ ተነሥቷል።»

«እስከ 2032 ነው ሲባል አልነበር እንዴ? ሕግ እንዲህ እንደ ሸቀጥ ቅናሽ ያልቃል?»

የምመልሰው አጣሁ። በመጨረሻ ርካሹን የጋዝ ማሞቂያ አስገቡ። ያ ማሞቂያ ከተጠነቀቁለት 15 እና 20 ዓመት ይሠራል፤ ሦስት አራት ፕሬዚዳንት ያሳልፋል ማለት ነው።

ለዴሞክራቶች በር እያንኳኳ የሚቀሰቅስ ወዳጅ አለኝና በዚህ ነገር እንከራከራለን። «ሪፐብሊካኖችን ስንጠብቅ እርጅና ይይዘናል» ይለኛል። ማስረጃም አለው። በ2009 የዋክስማንና የማርኪ የአየር ንብረት ረቂቅ ሕግ ስምንት ሪፐብሊካኖች ደግፈውት በተወካዮች ምክር ቤት 219 ለ212 ቢያልፍም፣ ሴኔት ደርሶ ድምፅ ሳይሰጥበት ሞተ። የኤሲ ጋዝ ተተኪ ነበረው፣ ተተኪውን የሚሸጥ ኩባንያም ነበረው፤ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ግን ተተኪ ይዞ አይጠብቅህም፤ «ያንተ ሕግ ቀላሉን መርጦ ነው ያሸነፈው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ በከፊል።

ከፊሉን የማልቀበለው የ2022ቱ ሕግ ሲፈርስ ምን እንደተረፈ ስላየሁ ነው። ለእኚያ እናት የተባለው ሲነሣ፣ ለባትሪ ፋብሪካዎች፣ ለኑክሌርና ለጂኦተርማል የተሰጠው ማበረታቻ በአብዛኛው ቀርቷል። ፋብሪካዎቹ እንደ ጆርጂያ ባሉ ሪፐብሊካኖች በሚበዙባቸው ቦታዎች ተተክለዋል፤ ጂኦተርማልና ኑክሌርም በዚያው ወገን ወዳጅ አላቸው። የሂት ፓምፕ ገዢ ግን በየቤቱ የተበተነ ነው፤ ስሙን ጠርቶ የሚከራከርለት ሪፐብሊካን አልሰማሁም። ከሌላው ወገን ባለቤት ያልተገኘለት አንቀጽ ነው የተቆረጠው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ጋዝ ስገዛ የማሳየው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ (የኢፒኤ) ፈቃድ ካርድ የመጣው በ1990 ትልቁ ቡሽ ከፈረሙት የንጹሕ አየር ሕግ ማሻሻያ ነው፤ ሴኔቱ 89 ለ11 ደግፎት ነበር። ሙያውን አዲስ አበባ ስጀምር ቧንቧውን ቆርጦ ጋዙን ፉሽ ማድረግ የሥራው የመጀመሪያ ደረጃ ነበር። እዚህ ያንን ማድረግ ከባድ ቅጣት አለው። ከ1990 ወዲህ ስንት ፕሬዚዳንት ተፈራረቀ፤ ካርዱን የሰረዘ የለም።

ኤይም አክትም ፈተና አላጣውም። በ2025 ኢፒኤ ለሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣና ለመሳሰሉት የተቀመጡትን አንዳንድ ቀነ ገደቦች ለማላላት ሐሳብ አቅርቧል። ያ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው፤ ሊላላ ይችላል። የ40 እና የ70 በመቶው እርከን ግን ሕጉ ላይ ስለተጻፈ እሱን ለመንካት ኮንግረስ መሄድ ግድ ነው። ማሽኑን ለአዲሱ ጋዝ የቀየረ ፋብሪካ ደግሞ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚቸኩል አይመስለኝም።

እዚህ የምንኖር ሐበሾች ምርጫ ሲደርስ በየሬስቶራንቱ ገንዘብ እናዋጣለን፣ ከተወዳዳሪ ጋር ፎቶ እንነሣለን። ስለ አየር ንብረት ቃል የሚገባልን ተወዳዳሪ ሲመጣ ከእሱ ጋር ማን ሪፐብሊካን እንደሚፈርም ብንጠይቀው ደስ ይለኛል። ከሙያዬ አንድ ሐሳብም አለኝ። በሚቀጥሉት 15 ዓመታት እስከ አፉ 410ኤ የያዘ አሮጌ ኤሲ እየተነቀለ ይጣላል። ጋዙን በማሽን መጥጦ ማውጣት ጊዜ ይበላል፣ ማሽኑም ይከብዳል፤ ፀሐይ ባጋለው ጣሪያ ላይ ሲሆን ደግሞ ለማንም አይመኙለትም። ሕጉ መልቀቅን ይከለክላል እንጂ ለመለሰ ሰው የሚከፍለው ነገር የለም። ስለዚህ የሚያይ በሌለበት ቫልቩን ከፍቶ የሚሄድ አለ፤ ያ ሰው ከእኔ ቀድሞ ሥራ ይጨርሳል፣ ከእኔ ባነሰ ዋጋም ይሠራል። ለተመለሰው በየኪሎው ዋጋ የሚተምን አጭር ሕግ ቢወጣ ይህ ይቀየራል። ጋዝ አጽድቶ መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ በሁለቱም ፓርቲ ግዛቶች አለ፤ ኤሲ የማይሠራበት የምርጫ ወረዳም የለም።