ማዳበሪያ በጎተራ ይመዘን

አንድ ወጣት የእርሻ ሠራተኛ «ገበሬዎች ይህን ያህል ኩንታል ዩሪያ ወሰዱ» ብሎ ሪፖርቱን ሲያቀርብ ሥራውን የፈጸመ ይመስለዋል። በእኛ አስተያየት ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው።

ከ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ናይትሮጂኑ 46 ኪሎ ብቻ ነው። እርሱም በቡሬና በፍኖተ ሰላም የክረምት ዝናብ ታጥቦ እንዳይሄድ፥ ከፊሉ በዘር ጊዜ፥ የቀረው የበቆሎው ቁመት ከጉልበት ሲደርስ መሰጠት ይገባዋል። የተመጋቢውም ቍጥር መታወቅ አለበት። በመስመርና በመስመር መካከል 75፥ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ሲተው በአንድ ሄክታር 44,444 እግር ይቆማል፤ 30ው ወደ 25 ሲጠብ 53,333 ይሆናል። በሳሳ ማሳ ላይ ዩሪያ ማብዛት እንግዳ ሳይጠሩ መደገስ ነው፤ ማዳበሪያ ሳይጨምሩ ማጠጋጋትም አገዳ እንጂ ፍሬ አያበዛም።

ይሁን እንጂ የመጨረሻው ከረጢት የመጀመሪያውን ያህል ምርት አይጨምርም፤ ዋጋቸው ግን እኩል ነው። ዩሪያው ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ፥ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ገበያ ሲወደድ ሸክሙ እስከ ገበሬው ደጃፍ ደርሷል። ስለዚህ ብዙ ምርት ሁሉ ብዙ ትርፍ አይደለም።

እንግዲህ ወጣቱ ባለሙያ ከገበሬው ጋር ተስማምቶ ጥቂት መስመሮችን ያለ መጨረሻው ከረጢት ይተው፤ በመከርም ጊዜ ሁለቱን ለይቶ ይመዝን። ትርፉ የከረጢቱን ዋጋ ካልመለሰ እውነቱን ለገበሬው ይንገረው። ሪፖርቱም ከመጋዘን በወጣው ሳይሆን፥ ዕዳ ተከፍሎ በጎተራ በቀረው ይጻፍ።