መለኪያውን ማን ይለካዋል?

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ የፔንዱለም ሙከራ ሠርተው ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ የመሬት ስበት ሽምጠጣ ብዙውን ጊዜ ልክ 9.81 ሆኖ ይመጣል። ክሩ በተራ ማስመሪያ፣ ጊዜው በእጅ ሰዓት ተለክቶ እንዲህ ያለ ድንቅ ውጤት በየጊዜው እንደማይገኝ እኔም እነርሱም እናውቃለን። ተማሪው አራሚው ማየት የሚሻውን ስለሚያውቅ ያንኑ ይጽፋል። ይህን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ፣ ከፊዚክስ የራቀ የሚመስል፣ ኤች አይ ቪን ለመከላከል የተካሄደ አንድ ክሊኒካዊ ሙከራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረውና «ቮይስ» የተባለው ይህ ጥናት በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ 5,029 ሴቶችን አሳትፏል። ቫይረሱ በደማቸው የሌለ ሴቶች ቴኖፎቪር የተባለውን መድኃኒት በክኒን ወይም በጄል መልክ በየቀኑ ቢወስዱ ከመያዝ ይድናሉ ወይ? ጥያቄው ይህ ነበር። በ2013 ይፋ የሆነው ውጤት አሳዛኝ ነው፤ መድኃኒቱ በደረሳቸውና ማስመሰያው በደረሳቸው ሴቶች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ሆኖም የሴቶቹ ቃልና የተመለሰው መድኃኒት ቆጠራ፣ ከመቶው ዘጠና ያህሉ በአግባቡ መወሰዱን ይመሰክር ነበር። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ የሚፈርድ ሰው «መድኃኒቱ አይሠራም» ብሎ መዝገቡን ይዘጋ ነበር።

ፍርዱን የለወጠው ላቦራቶሪ ነው። መድኃኒቱ ከደረሳቸው ሴቶች በዕጣ የተመረጡት የደም ፕላዝማ ሲመረመር፣ ቴኖፎቪር የተገኘው ከ25 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ናሙናዎች ብቻ ነበር። በ2011 ውጤቱ የተገለጸው፣ በኬንያና በኡጋንዳ ከ4,700 በላይ ጥንዶችን ያሳተፈው ሌላ ጥናት ግን ይኸው ክኒን የመያዝን አደጋ በ67 በመቶ፣ ከኤምትሪሲታቢን ጋር ሲሆን በ75 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። በዚያ ጥናት ቫይረሱ ካልያዛቸው ሰዎች ናሙና በ82 በመቶው መድኃኒቱ ተገኝቷል። እንግዲህ መድኃኒቱ አልደከመም፤ አልተዋጠም እንጂ። ሴቶቹም ኋላ በተደረጉ ውይይቶች፣ ጤነኛ ሆኖ የኤድስ ሕመምተኛ የሚውጠውን ክኒን መዋጥ የሚያስከትለውን መገለልና የጎንዮሽ ጉዳቱን ፈርተው እንደነበር ተናግረዋል።

«ፊዚክስ አስተማሪ እዚህ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ብዙ ሺህ ሴቶች «ወስደናል» ሲሉ አንድ መሣሪያ «የለም» ብሏል። መሣሪያው ይህን የማለት መብቱን ከየት አገኘው?

ሞለኪውሎችን በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ከለዩ በኋላ በኤሌክትሪክ መስክ የሚመዝነው ማስ ስፔክትሮሜትር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ ከአንድ ናኖ ግራም ያነሰ ቴኖፎቪር ማግኘት ይችላል። መድኃኒቱ በፕላዝማ ውስጥ 17 ሰዓት ያህል ግማሽ ዕድሜ ስላለው፣ በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ሕግ ብናሰላው መጠኑ በአንድ ሳምንት ወደ አንድ ሺኛ ይወርዳል። ስሌቱ ያማረ ነው። ነገር ግን ፒፔቱ በትክክል ካልቀዳ፣ የናሙናው መለያ ከተሳሳተ ወይም ማቀዝቀዣው መብራት በጠፋበት ሌሊት ከሞቀ፣ ስህተቱ የላቦራቶሪው ሆኖ ሳለ ውሸታም የሚባሉት ሴቶቹ ናቸው። የጥራት ማረጋገጫን የወረቀት ሥራ አድርገው የሚያዩ ባልደረቦቼ ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ።

ሥራው ራሱ አድካሚ ነው። በእያንዳንዱ ዙር መጠናቸው አስቀድሞ የታወቀ ናሙናዎች አብረው ይገባሉ። ከውጭም መልሱ የተሰወረ ናሙና ለፈተና ይላካል። (ለዚህ ፈተና ምርጡን ባለሙያ መርጦ መመደብ ከተማሪዎቼ 9.81 በምንም አይለይም።) ፒፔት የሚፈተነው ደግሞ ውኃ በመመዘን ነው፤ 100 ማይክሮ ሊትር የተጣራ ውኃ በክፍል ሙቀት 100 ሚሊ ግራም ገደማ ሊመዝን ይገባዋል። ሚዛኑም በተራው በታወቀ ክብደት ይፈተናል።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት፣ የጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ሴል ቁጥር ከኔዘርላንድስ ሰዎች ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ላቦራቶሪው ባይታመን ኖሮ «መሣሪያችሁ ተበላሽቶ ነው» መባሉ አይቀርም ነበር። ጤነኛውን ሰው በሌላ አገር መስፈርት «ታማሚ» ብሎ ከክትባት ሙከራ ማስቀረትም ከዚህ ይመጣል።

በውጭ አገር ስማር ሚዛኖቻችንን የሚፈትሽ አንድ ቴክኒሽያን ነበር፤ ቀይ ወረቀት ከለጠፈ ፕሮፌሰሩም ሥራ ያቆማል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ሥልጣኑ ቀርቶ የሥራ መደቡ እንኳ እምብዛም የለም። መሣሪያ በእርዳታ ይመጣል፣ የሚጠግነውና የሚፈትሸው ጠፍቶ አቧራ ይለብሳል።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች የልኬት ሳይንስን እንደ ራሱ ኮርስ ይማሩ፤ የተግባር ልምምዳቸውም የባዮሎጂና የሕክምና ላቦራቶሪዎችን ፒፔቶች እየመዘኑ፣ የማቀዝቀዣዎቻቸውን ሙቀት እየመዘገቡ ውጤቱን ከነስህተት ወሰኑ ማስረከብ ይሁን። ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥሩ ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና የተጣራ ውኃ ነው።