በቀርፋፋው ባቡር

ባለፈው ወር ጣሊያን ደርሼ መጣሁ። ልጄ የምትኖረው ፍሎረንስ ስለሆነ፣ ከሮም ቤቷ ድረስ መሄጃዬም መመለሻዬም ባቡር ነበር። ልጅ ለመጠየቅ ጓዝ ለምትሸክፉ አያቶች ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን ላውጋችሁ።

ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሮም መሐል ወዳለው ቴርሚኒ ጣቢያ የሚወስደው ባቡር «ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ» ይባላል። መንገድ ላይ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ያደርሳል። ስሙን ያዙት፤ ከዚያው የሚነሳ ረከስ ያለ ሌላ ባቡር አለ፣ እሱ ግን ቴርሚኒ አይገባም።

ልጄና የዘጠኝ ዓመት ልጇ ቴርሚኒ ጠበቁኝ። የልጅ ልጄን የማውቀው በስልክ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው ግን በጣሊያንኛ ነው። ጉንጩን አስሞኝ እናቱ ኋላ ተሸሸገ።

ፈጣኑ ባቡር ፍሎረንስ የሚገባው በአንድ ሰዓት ተኩል ነው። በየከተማው የሚቆመው ቀርፋፋው ደግሞ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ዋጋው ግን በጣም ያንሳል። ልጄ «ደክሞሻል፣ በፈጣኑ እንሂድ» ብትለኝም፣ የሦስት ሰው ሒሳብ ስሰማ «በቀርፋፋው!» አልኩ።

የቀርፋፋው የወረቀት ቲኬት ከመሳፈር በፊት በማሽን መመታት አለበት፤ ካልተመታ ያስቀጣል። ይህን ሳላውቅ ልሳፈር ስል ልጁ እጄን ያዘኝ። «እማማ፣ ቆይ!» አለና ቲኬቴን ወስዶ አስመታልኝ። በአማርኛ ያናገረኝ ያኔ ነው።

ባቡሩ ሲነሳ፣ ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ቺንክዌቼንቶ» አለ፤ አምስት መቶ ማለት ነው። የምን አምስት መቶ? ስለው፣ ትንሿን ፊያት መኪና መስሎት ነበር።

ነገርኩት። አደባባዩ የተሰየመው በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተመቱት የጣሊያን ወታደሮች ነው። ከጣቢያው ጥቂት እልፍ ብሎ ሐውልታቸው ቆሟል። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜም ከለገሃር የይሁዳ አንበሳን ነቅሎ ወስዶ እዚያ ሐውልት ሥር አቁሞት ነበር።

«አንበሳው ቲኬት ነበረው?» አለኝ።

«ያለ ቲኬት ነው የወሰዱት» አልኩት። በኋላ ግን ተመልሶ ዛሬም ለገሃር ቆሟል።

ኦርቪዬቶን አልፈን አሬዞ እስክንደርስ ጥያቄው አላቆመም። እናቱ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። ምን ልመልስ? እሷ ልጅ ሳለች እኔ ጠዋት ወደ ሥራ እሮጣለሁ፣ ማታ ወደ ማጀት። ቀርፋፋ ባቡር አልተሳፈርንም።

ስመለስ አውሮፕላን እንዳያመልጠኝ በፈጣኑ መጣን። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ልጄ ቀደም ብላ «ሳላ ብሉ» ለሚባለው የጣቢያዎቹ የእርዳታ ክፍል ተናግራ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር እስከ ፉርጎው ድረስ ያደርሳሉ፤ ክፍያ የለውም። ልጆቻችሁ አስቀድመው እንዲያሳውቁላችሁ አደራ።

ሮም ስንደርስ ልጁ ሐውልቱን ካላየሁ አለ። ቀስ እያልን ሄድን። ዙሪያውን ዞረና «አንበሳው የለም» አለኝ፣ በአማርኛ።

«ቤቱ ገብቷል» አልኩት።

ለክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሊያየው ይመጣል። እናንተም ከልጅ ልጅ ጋር ስትጓዙ፣ የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ ቀርፋፋውን ተሳፈሩ።