«አይገባሽም» ከተባላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ

ዛሬ የማነሣላችሁ ከቡሬ ገጠር ተነሥታ ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም የገባች የአንዲት እናት ነገር ነው። ባለቤቷ ወታደር ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት አገልግሎ በሕመም ዐረፈ። ሴትዮዋ የያዘችው በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የባሏን መታወቂያና አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። የተዳረችው በሽማግሌ ስለ ሆነ የጋብቻ ወረቀት የላትም። ከዚህም በላይ ባሏ በሠራዊቱ መዝገብ የተጻፈው በክርስትና ስሙ ሲሆን በቀበሌ የሚታወቀው ግን በቤት ስሙ ነው። ያነጋገራት ሠራተኛ «ሚስቱ ለመሆንሽ ማስረጃ የለሽም፤ አይገባሽም» ብሎ በቃል አሰናበታት። እርሷም «ዕድሌ ነው» ብላ ሦስት ልጆቿን ወደምታሳድግበት ጎጆዋ ተመለሰች።

ለመሆኑ አይገባትም ነበርን? ይገባታል እንጂ!

ምዕራብ ጎጃም ከወታደር ቤት ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። የብር ሸለቆ የውትድርና ማሠልጠኛ የሚገኘው በዚሁ ዞን ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ጦርነቶችም ከገበሬው ቤት ልጅ ሄዷል። ልጅ ሲሄድ ግን የቤቱን ወረቀት አስተካክሎ የሚሄደው ጥቂቱ ነው።

ሕጉ የሚለውን እንመልከት። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። የመከላከያ ሠራዊት አባልም በዚሁ የጡረታ ሕግ ይሸፈናል። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ሲሞት ጡረታው ለቤተሰቡ ይተላለፋል። በሥራው ምክንያት በደረሰበት ጉዳት የሞተ ከሆነ ደግሞ 10 ዓመት መሙላቱ አይጠየቅም። የሟች ሚስት የጡረታውን ግማሽ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። ልጃቸው ይጦራቸው የነበሩ እናትና አባትም ድርሻ አላቸው። ስለዚህ የቡሬዋ እናት የጎደላት ማስረጃ እንጂ መብት አይደለም።

ማስረጃ ደግሞ ይገኛል። በሽማግሌም ሆነ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የጸና ነው። ወረቀት ከሌለ ሠርጉን የበሉ፣ ትዳሩን የሚያውቁ ዘመድና ጎረቤቶች በፍርድ ቤት መስክረው ጋብቻው ይረጋገጣል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውም በዚያው በፍርድ ቤት በኩል ሊረጋገጥ ይችላል። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ብዙ መንከራተትን ያስቀራል።

ማስረጃው ቀርቦም «አይገባሽም» ቢባልስ? በቃል የተነገረ መልስ ይዞ ወደ ቤት መመለስ አይገባም። የጡረታን ጉዳይ የሚወስነው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የደረሳችሁበትንም ቀን መዝግቡ፤ ይግባኝ የጊዜ ገደብ አለውና። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቤት ይላል። ጉባኤው የሕግ ስሕተት ፈጽሟል የሚል ደግሞ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ሊወስድ ይችላል። በጽሑፍ ያልሰፈረ «አይገባሽም» ግን ይግባኝ የሚባልበት ነገር የለውም፤ ሴቶቻችን የሚጎዱትም እዚህ ላይ ነው።

በጠረጴዛው ወዲያ በኩል ለምትቀመጡ የቢሮ ሠራተኞችም አንድ ቃል አለኝ። አንዲት የገጠር እናት አንድ ቀን ሙሉ ተጉዛ ስትመጣ የትራንስፖርቱን የሸፈነችው ምናልባት ዶሮዋን ሸጣ ነው። የጎደለውን ማስረጃ በአንድ ጊዜ ዘርዝሮ በወረቀት ጽፎ መስጠት አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ለእርሷ ግን ሦስት ጉዞ ያድናታል።

እናንተስ፣ በከተማ የምትኖሩ እኅቶቼ? ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ በሠራዊት ውስጥ ካለ ዛሬ፣ በሕይወት ሳለ፣ ስሙ በማኅደሩና በመታወቂያው ላይ አንድ መሆኑን ጠይቁት። ጋብቻችሁን አስመዝግቡ፤ የልጆቻችሁን የልደት ምስክር ወረቀት አውጡ፤ ቅጂውን በአንድ ሥፍራ አኑሩ። ከገጠር ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የመጣች ዘመድ ቤታችሁ ካረፈችም ቡና አፍልታችሁ ብቻ አትሸኟት። ማመልከቻዋን ጻፉላት፤ አብራችኋትም ወደ ቢሮው ሂዱ። ሟች ያገለገለበትን ዋጋ ልጆቹ ሳይበሉት እንዳይቀር ማድረግ የሁላችንም ግዴታ ነው።