ሐይቅ ብቻውን ዋናተኛ አይወልድም

(ከባሕር ዳር፥ ፋሲሎ)

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ስለ መጠጥ ውኃ የተተረተ ይመስላል፤ ስለ ዋና ስፖርት ለሚያስብ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝለትም። ዓባይ ከጣና በሚወጣባት በባሕር ዳር፥ ከሐይቁ በጥቂት ደቂቃ መንገድ ርቀት ተወልዶ ያደገ ወጣት፥ አንድ መቶ ሜትር በሥርዓት መዋኘት ሳይማር ዕድሜው ለሥራ ይደርሳል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ዋናተኛ ዓለም አቀፍ ውድድር ነው። ታሪኩን በደንብ ከመረመርነው ግን ስለ ጣና ዳር ልጆችም ብዙ የሚነግረን ነገር አለ።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት (በፈረንጆች 2016) የዓለም ስፖርተኞች በብራዚል ከተማ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ለኦሎምፒክ ጨዋታ ተሰበሰቡ። በመክፈቻው ሌሊት የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ከስፖርተኞቻችን ፊት የተራመደው እንደ ወትሮው የምናስበው ሯጭ አልነበረም፤ ሮቤል ኪሮስ ሀብቴ የሚባል የ24 ዓመት ዋናተኛ ነበረ። ነሐሴ 3 ቀን በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማጣሪያ ውድድር ገባ። መቶውን ሜትር በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨረሰ፤ ከ59 ተወዳዳሪዎችም 59ኛ ሆነ።

ወሬው ባንድ ቀን ዓለምን ዞረ። የውጭ አገር ጋዜጦች የሰውነቱን ውፍረት እያነሡ ቅጽል ስም አወጡለት፤ ያን ስም እዚህ መድገም ለኛም ክብር አይሆንም። አገር ቤትም በየቡና ቤቱና በፌስቡክ ላይ ያልሳቀ ወይም ያልተቈጣ ሰው ጥቂት ነበረ። በተለይም ከሦስት ቀን በኋላ አልማዝ አያና በ10,000 ሜትር በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ባስመዘገበች ጊዜ ንጽጽሩ በረታ። ሮቤል ግን ለጋዜጠኞች የሰጠው መልስ ቀላል ነበረ፤ በኢትዮጵያ ሰው ሁሉ ይሮጣል፥ እኔ ግን መዋኘት ፈለግሁ የሚል ነበረ።

ቍጣው በሙሉ ያለ ምክንያት ነበረ ለማለት አይቻልም። የዋና ፌዴሬሽኑ መሪ የገዛ አባቱ መሆናቸው በተሰማ ጊዜ «እንዴት ተመረጠ?» ብሎ መጠየቅ የማንኛውም ዜጋ መብት ነው። ምርጫ ሁልጊዜ ሰው እያየ፥ በሰዓት እየተለካ ቢደረግ ተመራጩም ከሐሜት ይድናል። ቢሆንም ብዙ ሰው ያላወቀው አንድ ሕግ አለ። ዋናተኞቹ የተወሰነውን ሰዓት ላላሟሉለት አገር አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንዲልክ የዓለም የዋና ማኅበር ይፈቅዳል። ያኔት ሥዩምና ሙሉዓለም ግርማ በ2004 ዓ.ም. በለንደን፥ ራሔል ፍሥሐ ከሮቤል ጋር በሪዮ፥ አብዱልማሊክ ሙክታር በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ፥ ሊና ዓለማየሁ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ለኢትዮጵያ ዋኝተዋል። እንግዲህ ሮቤል የማንንም ሯጭ ቦታ አልወሰደም። የገባበት በር ዋና ላልለመዱ አገሮች ሆን ተብሎ የተከፈተ በር ነው።

አሁን ሳቁን ትተን ሰዓቱን እንመልከት። የሪዮው የ100 ሜትር አሸናፊ የአውስትራልያው ካይል ቻልመርስ በ47.58 ሰከንድ ገባ። ልዩነቱ 17.37 ሰከንድ ነው። በሌላ አነጋገር ቻልመርስን የሚያህል ዋናተኛ ግድግዳውን ሲነካ፥ ሮቤል በሪዮ በዋኘበት ፍጥነት ገና 73ኛው ሜትር ላይ ይሆናል። ክፍተቱ ሰፊ ነው። ነገር ግን ሌላም ቍጥር አለ። በ1900 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1908) በለንደን ኦሎምፒክ በዚሁ ርቀት ወርቅ የተቀበለው አሜሪካዊው ቻርልስ ዳንኤልስ የገባው በ1 ደቂቃ ከ5.6 ሰከንድ ነበረ። ሮቤል በዚያ ዘመን ተወዳድሮ ይህን ሰዓት ቢያስመዘግብ ኖሮ ሜዳሊያው የኢትዮጵያ በሆነ ነበር! ስለዚህ በሪዮ ያየነው ርቀት የመቶ ዓመት ርቀት ነው፤ ሌሎች አገሮች ገንዳ ሲሠሩ፥ አሠልጣኝ ሲያወጡ፥ ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ የኖሩበት መቶ ዓመት።

የዚህን መቶ ዓመት አጀማመር ማወቅ ይጠቅማል። በ1888 ዓ.ም. አያቶቻችን በዐድዋ ድል ካደረጉ አርባ ቀን ያህል ቈይቶ፥ በግሪክ አገር የመጀመሪያው የዘመናዊ ኦሎምፒክ የዋና ውድድር ተደረገ። ገንዳ አልነበረም፤ ዋናተኞቹ በመርከብ ወደ ባሕር ተወስደው፥ በብርድና በማዕበል ውስጥ ወደ ዳር ዋኙ። መቶውን ሜትር በ1 ደቂቃ ከ22.2 ሰከንድ ያሸነፈው አልፍሬድ ሐዮሽ የሚባል የ18 ዓመት የሃንጋሪ ተማሪ ነበረ። ይህ ልጅ ዋናን በትጋት የያዘው ለዝና ብሎ አልነበረም። የ13 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በዳኑብ ወንዝ ሰጥመው ሞተው ነበር። ሐዮሽ በኋላ የሕንፃ መሐንዲስ ሆነ፤ በ1930 በፈረንጆች ቍጥር በቡዳፔስት የተከፈተውንም ትልቅ የዋና ሕንፃ ነድፎ አሠራ። ወንዝ አባቱን የወሰደበት ልጅ ለአገሩ ልጆች የተለካና የተጠበቀ ውኃ ሠራላቸው። ሃንጋሪ ባሕር የላትም፤ በዋና ግን ከታላላቆቹ አገሮች ትቈጠራለች።

የሪዮን ባለቤት ብራዚልንም ብንመለከት ትምህርቱ ያው ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን ባስደነቀበት በ1952 ዓ.ም. ኦሎምፒክ፥ ማኑኤል ዶስ ሳንቶስ የሚባል ብራዚላዊ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ ተቀበለ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ጉስታቮ ቦርጀስ በዚሁ ርቀት ብር አገኘ። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ሴዛር ሲየሎ 50 ሜትርን በ21.30 ሰከንድ ዋኝቶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ የዋና ወርቅ አመጣ፤ በዓመቱም ሮም ላይ መቶውን ሜትር በ46.91 ሰከንድ ዋኝቶ ለ13 ዓመት ያልተሰበረ ክብረ ወሰን አቆመ። ከነሐሱ እስከ ወርቁ 48 ዓመት ሆነ። ልብ በሉ፤ ብራዚል በሺሕ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ አላት፤ ሲየሎ የተወለደው ግን ከባሕር ርቃ በምትገኝ የመሐል አገር ከተማ ነው። ያሳደገው የክለብ ገንዳ ነው፤ በኋላም ለተሻለ ሥልጠና አሜሪካ ተሻግሯል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ጥቁር ሰው ለዋና አልተፈጠረም» የሚል ሰው እስከ ዛሬ ይሰማል። ይህን ወሬ ሪዮ ራሷ አፍርሳዋለች። ሮቤል በተሳቀበት በዚያው ሳምንት፥ በዚያው ገንዳ፥ በዚያው ርቀት፥ ጥቁር አሜሪካዊቷ ሲሞን ማኑኤል በሴቶች የወርቅ ሜዳሊያ ወስዳለች። በአፍሪካችንም ቱኒዝያዊው ኡሳማ ሜሉሊ በቤጂንግ 1,500 ሜትር፥ በለንደን ደግሞ በክፍት ውኃ 10 ኪሎ ሜትር ወርቅ አግኝቷል። የአገሩ ልጅ አሕመድ ሐፍናዊም በቶኪዮ በ18 ዓመቱ 400 ሜትርን አሸንፏል።

ከሁሉ ይልቅ ለኛ የሚቀርበው ግን የኤሪክ ሙሳምባኒ ታሪክ ነው። የኢኳቶሪያል ጊኒው ሙሳምባኒ በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ ኦሎምፒክ መቶውን ሜትር ብቻውን ዋኘ፤ አብረውት የነበሩት ሁለቱ ቀድመው ዘልለው ተሰርዘዋልና። በአገሩ የተለማመደው በትንሽ የሆቴል ገንዳ ነበረ። መጨረሻው ላይ ሊሰጥም ደርሶ በ1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ገባ። ዓለም ሳቀ፥ አጨበጨበም። እሱ ግን ልምምዱን ቀጠለ፤ በአራት ዓመት ውስጥም ሰዓቱን ከ57 ሰከንድ በታች አወረደ። የሰው ሰዓት በግማሽ ያህል ሊቀንስ የሚችለው በተአምር አይደለም፤ በገንዳና በልምምድ ነው።

ለምን ገንዳ? አንባቢ «ጣና እያለ ገንዳ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ምክንያቱን እንይ። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል። በውኃ ውስጥ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ የሚሻ ሰው ስምንት እጥፍ ያህል ኃይል ማውጣት አለበት። ስለዚህ ጕልበት ያለው ሁሉ አይፈጥንም፤ የሚፈጥነው ሰውነቱን እንደ ታንኳ ቀጥ አድርጎ ውኃውን የሚሰነጥቅ ነው። በሐይቅ የለመደ ልጅ አቅጣጫውን ለማየት ራሱን ከውኃ በላይ ያቆማል። ራስ ከፍ ሲል እግር ይሰምጣል፤ እግር ሲሰምጥ ሰውነት ውኃውን የሚገፋ ግድግዳ ይሆናል። ፊትን ውኃ ውስጥ አግብቶ፥ በየቀዘፋው ጭንቅላትን ወደ ጎን አዙሮ መተንፈስ፥ ከግድግዳ ላይ ተገልብጦ መመለስ፥ ሰዓትን መጠበቅ፤ ይህ ሁሉ ጥሩ ውኃ፥ ከሥሩ የተሰመረ መሥመርና የሚያርም አሠልጣኝ ይጠይቃል። ደጋው አየር ሯጭን ሲጠቅም ዓይተን ለዋናተኛም ይበቃል ብለን አንሳሳት።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፥ ያገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱትና እንጨት ከዘጌ የሚያመላልሱት ሰዎች ውኃውን ያውቁታል፤ ድፍረታቸውም የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የሐይቁ ውኃ ደፍርሶ ሥሩ አይታይም፤ በዳርቻው የቢልሃርዚያ በሽታ አለ፤ ዓባይ በሚወጣበት በኩል ጕማሬ አለ። ልጅን «ሂድና ዋኝ» ብሎ እዚያ መስደድ ማስተማር አይባልም።

ይህን ጕዳይ የሜዳሊያ ጕዳይ ብቻ አድርጎ የሚያየው ካለ ትልቁን ነገር ስቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በፈረንጆች 2021 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 300,000 የሚደርስ ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ ከ30 ዓመት በታች የሆኑ ናቸው። በሐይቅና በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ለማመን ቍጥር አያሻውም። ክረምት ሲገባ፥ ታንኳ ሲገለበጥ፥ ልጆች ከትምህርት በኋላ ሊታጠቡ ሲወርዱ፥ የአንድ ቤት በር ላይ ድንኳን ይተከላል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይህ ነው። ሐዮሽን ዋናተኛ ያደረገው ሐዘን በኛም ሠፈር አለ፤ ከሐዘኑ በኋላ የሚሠራው ሥራ ግን ገና ነው።

ሥራውስ ምን ያህል ይከብዳል? 50 ሜትር ርዝመት፥ 25 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው የኦሎምፒክ ገንዳ 2,500 ሜትር ኩብ ማለት 2,500,000 ሊትር ውኃ ይይዛል። ይህን ውኃ ማጣራትና በክሎሪን ማከም የየቀን ወጪ ነው። ለመጀመር ግን ይህን ያህል አያስፈልግም። የ25 ሜትር ርዝመት፥ የ12 ሜትር ስፋትና ከአንድ ሜትር እምብዛም ያልበለጠ ጥልቀት ያለው ገንዳ 360 ሜትር ኩብ ያህል ይበቃዋል፤ ከትልቁ ሰባተኛ እጁ ነው። በእንዲህ ያለ ገንዳ አንድ የሠለጠነ መምህር በሳምንት ብዙ ክፍል ተማሪ በየተራ ሊያስተምር ይችላል። መጀመሪያ መንሳፈፍ፥ ቀጥሎ መተንፈስ፥ ከዚያ መቅዘፍ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ዘጠኙ ኦሎምፒክ አይሄዱም፤ ሁሉም ግን ከውኃ በሕይወት መውጣት ይችላሉ። መቶኛውን ያን ጊዜ በሰዓት ለክተን፥ ሰው እያየ መርጠን፥ ያለ ሐሜት እንልከዋለን።

ይህን ዓምድ ከሚያነቡት መካከል አንዳንዶቹ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያረቅቁ፥ ነገ ደግሞ ዕቅድና በጀት የሚያዘጋጁ ናቸው። ስለ ትምህርት ቤት ግንባታ፥ ስለ ወጣቶች ማዕከል ወይም ስለ ስፖርት ሜዳ የሚናገር ወረቀት በጠረጴዛቸው ላይ ባለፈ ቍጥር «የልጆች የዋና ትምህርትስ?» የምትል አንዲት መሥመር ቢጨምሩበት ብዙ ወጪ አይደለም። ብራዚል ከነሐስ ወርቅ ለመድረስ 48 ዓመት ፈጅቶባታል። እኛም ዛሬ ብንጀምር አይቸኵልብንም፤ ሮቤል መጨረሻ የወጣበት ሰዓት 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ተጽፎ ተቀምጧል። የኛ መነሻ መሥመር እሱ ነው፤ ከሱ ወዲያ ያለው ርቀት ደግሞ በሳቅ አያጥርም።