የማይዋዋስ ጨዋታ

መስቀል ሲደርስ ቢቸናና ሞጣ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች በር ላይ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አዲሱ ገባ?» ልጆቹ የሚጠይቁት ስለ እግር ኳሱ ጌም ነው። ኤፍሲ 25 የወጣው መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነበር። ኤፍሲ 26 ደግሞ መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ደመራ በሚደመርበት ቀን ወጣ። አዲስ ልብስ ለብሶ፣ የበዓል ሳንቲም ኪሱ ለገባ ልጅ ጓደኛውን ለመርታት ከዚህ የተመቸ ሰሞን የለም።

አዲሱ ግን አይገባም። ከገባም ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ። መዘግየቱ ብቻውን አያሳስበኝም። የእኛ ልጅ ክረምቱን መስቀልን፣ ጾሙን ፋሲካን ሲጠብቅ ያደገ ስለሆነ መጠበቅ ያውቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ የሚጠብቀው ነገር ወደ እሱ የሚደርስበት መንገድ መዘጋቱ ነው።

በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን መንገዱ ይታወቅ ነበር። ጌሙ በሲዲ ይገዛል፣ አዲስ አበባ ላይ ለአውቶቡስ ረዳት አደራ ይሰጣል፣ ዓባይን ተሻግሮ በደጀን በኩል ቢቸና ይደርሳል። የቢቸናው ባለቤት አጫውቶበት ሲጠግብ ደብረ ወርቅን አልፎ ወደ ሞጣ ይልከዋል፤ የሞጣውም በምትኩ የራሱን ያውሰዋል። አብዛኛው ሲዲ ቅጂ ነበር፤ ይህን መሸፈን አልፈልግም። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ከዚያ ሁሉ ጨዋታ አምስት ሳንቲም አላገኙም። ቢሆንም አንድ ሲዲ የሁለት ከተማ ልጆችን ያዳርስ ነበር።

ቤቶቹ ዛሬም አሉ። ከመንገዱ በመጋረጃ የተከለለ የቆርቆሮ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ለተመልካች የሚሆን አግዳሚ ወንበር። ጆይስቲኩ ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላስቲክ ተልጦ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ተተክቷል። የተሸነፈ ይከፍላል፣ የተሸነፈ ይነሳል። መብራት በመሐል ሲሄድ ስንት ለስንት እንደነበር ተመልካቹ በሙሉ ይመሰክራል፤ የቀረውን ደቂቃ አስበው አስታርቀው ይዳኛሉ። እነዚህን ቤቶች የዱርዬ መናኸሪያ የሚል ወላጅ ብዙ ነው። በትምህርት ሰዓት ልጅ የሚያስገባውን ባለቤት እኔም እቃወማለሁ። ከዚያ ውጭ ግን የክፍለ ሀገር ከተማ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያዘጋጀችው ሌላ መዋያ የት አለ?

ዛሬ አብዛኛው ጌም ከኢንተርኔት ይወርዳል። ፕሌይስቴሽን 5 ኅዳር 2013 ሲወጣ ሲዲ የማይቀበል ዓይነት አብሮት ወጣ። በ2017 የመጣው ፕሮ የተባለው ደግሞ የሲዲ ማጫወቻው ለብቻው ካልተገዛለት በቀር ጭራሽ የለውም። ብዙዎቻችን ያደግንበት የእግር ኳስ ጌም፣ ፒኢኤስም ኢፉትቦል ተብሎ ከመስከረም 2014 ወዲህ በማውረድ ብቻ የሚገኝ ሆኗል፤ እርግጥ ነው ነጻ ነው። ኔንቲዶ እንኳ ስዊች 2 ለተባለው ማሽኑ ከሚሸጣቸው ካርዶች አንዳንዶቹ ቁልፍ ብቻ ይዘው ጌሙን ከኢንተርኔት ያስወርዳሉ። የወረደ ጌም ከገዛው ሰው አካውንት ጋር የታሰረ ነው፤ ከማሽኑ አውጥተህ «እንካ፣ ለሞጣ ልጆች ስጥልኝ» አትለውም። ካሊፎርኒያ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲጂታል ሱቆች ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አለመሆኑን በግልጽ እንዲነግሩት በሕግ አስገድዳለች። እዚያ ገዢው ይነገረዋል። እኛ ዘንድ መግዛቱም አልተፈቀደም።

ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክን በሚያቀርብባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ደቡብ አፍሪካ አለች፤ ኢትዮጵያ የለችም። ሚያዝያ 2016 ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጌም በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ሁሉ የሶኒ አካውንት እንዲከፍቱ ሊገደዱ ሲሉ ጌሙ ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ውስጥ ከሽያጭ ወረደ። ግዴታው በተጫዋቾች ጩኸት በቀናት ውስጥ ተነሳ፤ ዝርዝሩ ግን ኢትዮጵያን አልጨመረም። ስለዚህ የእኛ ልጅ አካውንት ሲከፍት አገሩን አሜሪካ ብሎ ይሞላል። ዱባይ ያለች እህቱ ከደመወዟ ቆጥባ የስጦታ ካርድ ትልክለታለች፤ የኤምሬትስ ካርድ በአሜሪካ አካውንት አይሠራምና ገንዘቡ ሜዳ ላይ ይቀራል። አዲስ ጌም ብዙ ጊዜ 70 ዶላር ነው። ይህ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 4 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ካርዱ ቢሠራስ? 100 ጊጋባይት የሚመዝን ጌም በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር ሳይቋረጥ ከ55 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። «ሳይቋረጥ» የሚለው ለቢቸናም ለሞጣም ትልቅ ምኞት ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ተነስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ሰው ዘመዱ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ በሚጨነቅበት ጊዜ ጌም ማንሳት ነውር የሚመስለው አንባቢ ይኖራል፤ ስሜቱ ይገባኛል። ይሁንና የዚያን ዓመት አሥራ ሁለት የሞላው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሦስት ሆኗል። የጨዋታ ዕድሜውን የሚመልስለት የለም።

ሶኒ ኢትዮጵያን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባ፤ ባንኮቻችንና ቴሌብር በብር የሚከፈልበትን መንገድ ይደራደሩ። ኢትዮ ቴሌኮምም ለእነዚህ ቤቶች መስመሩ ጭር በሚልበት ሌሊት በቅናሽ የሚያወርዱበት ጥቅል ያዘጋጅላቸው። ከአንድ ማሽን ብዙ ልጅ የሚጫወትበት ቤት በሕግ ከፍሎ የሚሠራበት ፈቃድም ያስፈልገዋል። በቅጂ አትጫወቱ ብሎ መምከር የሚያምረው የሚገዙበት በር ሲከፈት ነው።

አሁን ጎልማሶቹ የሚጠብቁት ጂቲኤ 6 የተባለውን ጌም ነው። የመጀመሪያው ማስታወቂያው ኅዳር 2016 ታየ፤ ቀኑ ደጋግሞ ተገፍቶ ሠሪው ሮክስታር ለኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ቀጠሮ ይዞለታል። ለአዋቂ የተሠራ ነውና ልጆች አጠገቡ ባይደርሱ ደስ ይለኛል። በፕሌይስቴሽን 4ም አይሠራም። ሞጣ ላይ የማውቀው ባለቤት ግን ቆጥቦ ፕሌይስቴሽን 5 ገዝቷል። «ጋሼ፣ ማሽኑን በጋቢ ጠቅልዬ ባሕር ዳር እወስደዋለሁ» አለኝ። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ዋይፋይ ያለው የአክስቱ ልጅ ቤት ሁለት ሌሊት አሳድሮ፣ ጌሙ ወርዶ ሲያልቅ በሚኒባስ ይመለሳል። ከወዲሁ ያሳሰበው መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑ ነው።